የጠፋው እናት ዘር

አርብ ጠዋት፣ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ የኢንዛይም ፋብሪካው የላብራቶሪ ባለሙያ ወደ ዘር ክፍሉ በሚወስደው ኮሪደር ስትታጠፍ ጋሽ ቡሆን መሬት ላይ ተጋድመው አገኘቻቸው። በግራ ጎናቸው ተኝተዋል። ቀበቷቸው ላልቷል፣ የሸሚዛቸው አንገት ተከፍቷል፣ እግራቸው ባዶ ነው። ነጩ የላስቲክ ነጠላ ጫማቸው በዘር ክፍሉ በር አጠገብ ጥንዱ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ተረከዙ ወደ በሩ፣ ጣቱ ወደ ውጭ። ሽማግሌው ይተነፍሳሉ፣ ሲጠሯቸው ግን አይሰሙም።

ባለሙያዋ አንዴ ጮኸች። ሁለተኛውንና የባሰውን ጩኸት የጮኸችው ወደ ክፍሉ አንገቷን አስግጋ ካየች በኋላ ነው። ዘሩ የሚቀመጥበት ትልቁ የብረት ጋን በጎኑ ወድቋል፣ ወለሉ በረዶ ለብሷል፣ ውስጡ የነበረው የብልቃጥ መደርደሪያ የለም። ወሬኛ መቼም አይጠፋም፣ «ከሰውዬው ይልቅ ለብልቃጡ ነው ያለቀሰችው» ብሎ ያማት ነበር። ለሁለቱም አልቅሳለች።

ኢንስፔክተሯ ከሳጅኗ ጋር ስትደርስ ጋሽ ቡሆን አምቡላንስ ወስዷቸው ነበር። ሠራተኛው ይህን ስም ያወጣላቸው በየጠዋቱ በማብላያ ጋኖቹ መሃል እየዞሩ፣ አንዱን በጆሯቸው አዳምጠው፣ ሌላውን በአፍንጫቸው አሽትተው «ዛሬ ቡሆው ኩፍ ብሏል» ስለሚሉ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ሥራ ኖረዋል፤ ጠላት አላቸው የሚል ሰው አልተገኘም።

«እስቲ እንደ ሕፃን አስረጂኝ» አለች ኢንስፔክተሯ ባለሙያዋን። «የተሰረቀው ምንድን ነው?»

«ባክቴሪያ።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ። «ባክቴሪያ ተሰረቀ ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፍ!» አለችው ባለሙያዋ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ቆዳ ፋብሪካው ድሮ ጠጉር የሚያራግፈው በኖራና በዚያ በሚገማው የድኝ ጨው ነበር። አሁን የሚያራግፈው የኛ ኢንዛይም ነው። ባክቴሪያው በጋን ውስጥ ስኳርና ፉርሽካ እየበላ ያመነጨዋል፣ እኛ አጣርተን በበርሜል እንልካለን። የሚፈጀው ውሃ በግማሽ ቀነሰ። ወንዙም መሽተት ተወ። ይኼ ሁሉ የመጣው ከሃያ ብልቃጥ እናት ዘር ነው።»

«በማብላያ ጋኖቹ ውስጥ ካለው መልሳችሁ ማርባት አትችሉም?»

«ሲዋለድ ይደክማል። ከጥቂት ዙር በኋላ መብላትና መብዛት ብቻ ይሆናል ሥራው፣ ኢንዛይሙን መሥራት ይረሳል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከእናቱ አዲስ የምንጀምረው።»

«ልክ እንደ አክስቴ ልጆች» አለ ሳጅኑ። ማንም አልሳቀለትም።

«መደርደሪያውን ይዞ የሄደው ሰው ትንሿን መያዣ ፍላስክም ወስዷል» አለች ባለሙያዋ። «ውስጧ ጥቂት የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጂን ነበረባት። ቢበዛ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ታቆየዋለች። ከዚያ ይቀልጣል። ቀልጦ ከዋለ ደግሞ አለቀ።»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። የምታየው ለጉዳዩ ብላ ብቻ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ እዚያው ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የጉድጓድ ሠራተኛ ነው፤ የማጠቢያው ቆሻሻ ውሃ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ዝቃጩን ያወጣል። በጨው ዘመን ያ ጉድጓድ ከጨው የሚወጣ ገዳይ ጋዝ ነበረበት። ከሦስት ዓመት በፊት ወንድሟን ከነጓደኛው በገመድ ጎትተው አወጧቸው። ጓደኛው ሞተ። ወንድሟ ዘጠኝ ቀን አልጋ ላይ ሲያጣጥር እሷ ወንበር ላይ ነበረች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ቁመቱ ከበር ጉበን እኩል ሆኖም እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የምትለው። ኢንዛይሙ መጥቶ ጋዙ የጠፋ ዕለት እሷ ብቻዋን ቁጭ ብላ አልቅሳለች።

ዘሩ ካልተገኘ ጨው ይመለሳል። ጨው ከተመለሰ ማሙሽ ይወርዳል።

*

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ እየተንጎራደደ ጠበቃቸው። ላብ በግንባሩ ችፍ ብሏል።

«የዘሩን ግማሽ ሌላ ቦታ ለምን አላስቀመጣችሁም?» አለችው።

«ጋሽ ቡሆ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨቅጭቀውኛል። በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ወር ስል...» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ቆዳ ፋብሪካው ደውሎልኝ ነበር አሁን። የቀራቸው ኢንዛይም እስከ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት ጨው እናስገባለን አሉኝ። ደንበኛ አለብን፣ ቆዳ ይበሰብስብናል አሉ። ምን ልበላቸው?»

«ዘሩ ቢጠፋ የሚጠቀም ማነው?»

ሳያስብ መለሰ። «የጨው ነጋዴው። ገበያውን ነው የዘጋንበት። ትናንት በር ላይ መጥቶ ዘበኛውን ሲሳደብ ነበር፣ ሄደሽ ጠይቂው።»

ዘበኛው መዝገቡን ከፈተላት። ሐሙስ ከሰዓት የጨው ነጋዴው ፒክአፕ፤ አልገባም፣ ተመልሷል። አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በርሜል የሚወስደው የቆዳ ፋብሪካው የጭነት መኪና። ሌላ የለም።

«የጭነት መኪናው ሾፌር ወርዷል?»

«የት ሊወርድ! ወገቡን ያመዋል፣ ከጋቢናው ንቅንቅ አይልም። እስኪጫንለት እዚሁ መስኮቱ ስር ቆሜ ስናወራ ነበር።»

ሳጅኑ ሾፌሩን ሰረዘው። ኢንስፔክተሯም አልከለከለችውም፤ ሐሳቧ ሁሉ ነጋዴው ላይ ነበር። በኋላ ራሷን ስትወቅስ የምትጀምረው ከዚህች ሰዓት ነው።

ወደ መኪናዋ ስትሄድ ለወንድሟ ደወለች።

«ማሙሽ፣ ደህና ነህ? ሥራ ላይ ነህ?»

«አለሁ እትዬ። ምነው በዚህ ሰዓት?»

«እዚህ ኢንዛይም ፋብሪካ ስርቆት አለ። ሰው ተጎድቷል። ሰኞ ጨው ያስገባሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«ያስገባሉ ተባለ? በእርግጥ?»

«እስካሁን ወሬ ነው። ቢያስገቡ እንኳ አትወርድም፣ ሰምተኸኛል? ታምሜያለሁ ብለህ ትቀራለህ።»

«እሺ። ሰውዬው ግን... ተረፈ?»

«ሐኪም ቤት ናቸው። ፈጣሪ ያውቃል።»

ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰማች። ልጄ ፈራ አለች በልቧ።

*

የጨው ነጋዴው ቤት ስትደርስ በር የከፈተችላት ሚስቱ ናት። ሰውዬው ትራስ ታቅፎ አልጋ ላይ ተኝቷል።

«ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ክሊኒክ! ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር አለ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ምጥ ሲይዘኝ አድሮ ነጋ ሲል ወሰዱኝ። ወረቀቱ ይኸው፣ ማህተሙ ይኸው።» ወረቀቱን ሰጣትና አቃሰተ። «ዘራቸው ጠፋ አሉ? እሰይ! እውነቱን ልንገርሽ፣ እሰይ ብያለሁ። ግን እኔ አልወሰድኩም። ብወስድ ደግሞ ምን አደርገዋለሁ? ባክቴሪያ ከኪሎ ጨው አይለይልኝም።»

«ሐሙስ ለምን ሄዱ?»

«ልለምናቸው። እኔም ቤተሰብ አለኝ፣ ኢንዛይሙን እኔ ላከፋፍል ልል ነበር። ዘበኛው አላስገባህ አለኝ፣ ሰደብኩት። መሳደብ ወንጀል ከሆነ እሰሪኝ።»

ክሊኒኩ ጠጠሩንም ሰዓቱንም አረጋገጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ እጇ ላይ ግን የያዘችው ነገር የለም።

ወደ ፋብሪካው ተመለሰችና የላብራቶሪ ባለሙያዋን ለብቻዋ አስቀመጠቻት። በዘር ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ አየር ሲያጥር የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ አለ። ገመዱ ተነቅሎ በክሊፕ ተጠቅልሏል።

«ይህን ማን ነቀለው?»

ባለሙያዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጨመቀች።

«እኔ አይደለሁም... ማለቴ፣ እኛ ነን። ጋሽ ቡሆና እኔ። ካለፈው ወር ጀምሮ በትንሹም በትልቁም ይጮኽ ነበር። ጋኑን በከፈትን ቁጥር እሪ ሲል ራሳችንን አዞረን። እስኪጠገን ብለን ነቀልነው።» እንባዋ መጣ። «ያ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሲፈስ ጭስ ይሆናል፣ አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። አይሸት፣ አያስል። ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ቢጮኽ ኖሮ ጋሽ ቡሆ አይገቡም ነበር። ልታስሪኝ ነው?»

«አሁን አይደለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «በሩስ?»

«ቁልፉ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ሁሉም ያውቃል።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን የጠረጠሩትም ጥርጣሬያቸውን ነቅለው ምስማር ላይ ሰቅለውታል። ኢንስፔክተሯ ልትነሳ ስትል ስለ ነጠላ ጫማው ጠየቀች። «ጫማቸውን ያወለቁት ራሳቸው ናቸው?»

«በፍጹም!» ባለሙያዋ የተሰደበች ያህል ተቆጣች። «ያ ነጭ ጫማ የውስጥ ጫማ ነው፣ ኮሪደር አይረግጥም። ኮሪደሩ ቆሻሻ ነው። ከኛ ሰው ማንም፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ፣ የዘር ክፍል ጫማ አውጥቶ ኮሪደር ላይ አያስቀምጥም። እኔ መጀመሪያ ሳይ ራሱ ‘ማን ባለጌ ነው?’ ብያለሁ። ከዚያ ነው እሳቸውን ያየሁት።»

ስለዚህ የወሰደው ሰው የቤቱ ልጅ አይደለም። ግን ሽማግሌውን ጎትቶ አውጥቷል፣ ቀበቷቸውን አላልቷል፣ በጎናቸው አስተኝቷል፤ ከዚያ እየሸሸ ባለበት ሰዓት ቆሞ ጫማ አስተካክሏል። ምን ዓይነት ሌባ ነው እንዲህ የሚያደርግ? ሳጅኑ «የጫማ ሻጭ» አለ። በልቧ ጭንቀት ላይ እሱ ተጨመረባት።

*

አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትገባ አብሯት የሚኖረውን ማሙሽን ሽንኩርት ሲከትፍ አገኘችው። ወንድሟን በመክተፊያ ፊት ቆሞ ያየችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አለችው።

«ደክሞሻል። ቁጭ በይ፣ እኔ ነኝ የማበስለው። ወደ ኩሽና እንዳትገቢ።»

ቁጭ አለች። እግሯን ሶፋው ላይ ሰቀለች። እሱ ከኩሽናው ሆኖ ጠየቃት፤ ሰውዬው ነቁ ወይ፣ ሐኪሙ ምን አለ፣ ልጆች አሏቸው ወይ። ሳታውቀው ሁሉንም ነገረችው። ያልነቁ መሆናቸውን ስትነግረው ቢላዋው ቆመ።

«ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካላገኘሁት አለቀ» አለች። «ሰኞ ጨው ነው። ማሙሽ፣ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሁለተኛ አልቀመጥም። አልችልም።»

«እትዬ፣ ሰው ሥራ ከሌለውም እኮ ይሞታል» አለ በቀስታ።

የድካም ወሬ መሰላት። የሠራውን በላች፤ ጨው አብዝቶበታል።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሐኪም ቤት ተደወለላት። ጋሽ ቡሆ ነቅተዋል።

ፊታቸው እንደ ወረቀት ነጥቷል፣ ግን ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው። መጀመሪያ የጠየቁት «ሦስተኛውን ጋን ማን አሸተተው?» ብለው ነው።

«ጋሼ፣ ትናንት ያዩትን ይንገሩኝ።»

«በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋሁት። ጋኑ ወድቋል፣ ጭስ ነው ሁሉም። ብልቃጦቼ መሬት ላይ ያሉ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ማለቴ ነው የጣለኝ፣ ሌላ ሰው ስንት ጊዜ አስተምሬ!» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ ክንዶች በብብቴ ስር ገቡ። ጎተቱኝ። ፊቱን አላየሁም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ትንፋሹን አልሰማሁም። እንዲህ ያለ ሸክም የሚጎትት ሰው ያለከልካል አይደል? እሱ ድምፅ አላሰማም። አፉን ገጥሞ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው ያወጣኝ። ያ ሰው አየር የሚገድል መሆኑን ያውቃል።»

«ከእናንተ ሰዎች ማን እንዲህ ይችላል?»

«ከኛ? ማንም! የኛ ሰው መጀመሪያ ይጮኻል።»

ደረጃውን ስትወርድ አየር የሚገድል መሆኑን የሚያውቁ ሰዎችን በልቧ ፈለገች። ብዙም መፈለግ አላስፈለጋትም። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። መኪናዋን ወደ ቆዳ ፋብሪካው አዞረች።

*

የጉድጓዱ አፍ የሲሚንቶ ክብ ነው፣ በላዩ የብረት ማማ፣ በማማው ላይ ገመድ። ገመዱን የያዙት ሽማግሌ የጉድጓዱ ኃላፊ ናቸው፤ አባ ገመድ ነው የሚሏቸው። ጉድጓዱ ሊደፈን ስለሆነ የመጨረሻውን ዝቃጭ እያወጡ ነው። በአፉ ዙሪያ ሦስት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል፣ የሁሉም ጣት ወደ ጉድጓዱ።

እያየች ሳለ አንድ ሰው በገመዱ ወጣ። ጭቃውን ሳይጠርግ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ በመጀመሪያ የራሱን ጫማ አዞረው፤ ተረከዙ ወደ ጉድጓዱ፣ ጣቱ ወደ ውጭ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች።

«አባ፣ ጫማውን ለምን አዞረው?»

«ሕግ ነው ልጄ። ጫማ ወደ ጉድጓዱ ካየ ሰው ታች አለ። ጀርባውን ከሰጠ ወጥቷል፣ ማንም ለማዳን ብሎ እንዳይወርድ። በፊት አንዱ ራሱን ስቶ የወጣ ጊዜ፣ መውጣቱን ያላየ ወዳጁ ሊያወጣው ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ራሱን የሳተውን ሰው እንኳ ስናወጣ መጀመሪያ ጫማውን አዙረን ነው። እጃችን ለምዶታል፣ ሳናስበው ነው የምናደርገው።»

«ቀበቶም ታላላላችሁ? በጎንም ታስተኛላችሁ?»

«በግራ ጎን። ማን ነገረሽ?»

«ኢንዛይም ለማምጣት ከጭነት መኪናው ጋር የሚሄድ ሰው አለ?»

«ታዲያ በርሜል ራሱ ዘሎ ይጫናል? ከጉድጓድ ልጆች አንዱ በተራ ከኋላ፣ ከባዶ በርሜሉ ጋር ተሳፍሮ ይሄዳል።»

«የትናንትናው ተረኛ ማን ነበር?»

አባ ገመድ ያውቋታል፤ ያን ዘጠኝ ቀን አልጋው አጠገብ ከእሷ ጋር ተቀምጠው ያውቃሉ።

«ልጄ፣ ሌላ ሰው ላኪ» አሏት። «ይኼን አንቺ አትጠይቂ።»

«ማን ነበር አባ?»

«ወንድምሽ ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከተማ ሙሉ የሚመሰክርላት መርማሪ፣ በገዛ ቤቷ የተቀመጠውን ነገር የምትሰማው ገመድ ከያዙ ሽማግሌ ነው።

«ለምን?» አለች። «እሱ እኮ እዚህ ሊሞት ነበር።»

«ማስታወቂያውን አላሳየሽም?» አባ ገመድ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈ ወረቀት አገጫቸውን ቀሰሩ። «ጉድጓዱ ሲደፈን የጉድጓድ ሰው አያስፈልግም። አሥራ አንድ ስም ነው። የሱ አራተኛው ነው። ኢንዛይሙ ከሞት አዳነን፣ ከእንጀራችንም ነቀለን። ምን ይደረግ፣ ሁለቱም እውነት ነው።»

*

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቷ ደረሰች። ሳጅኑን በር ላይ አቆመችው፤ ለምን እንደሆነ ስትነግረው ያ ቀልደኛ ሰው ኮፍያውን አወለቀ።

ማሙሽ ኩሽና ውስጥ፣ ፍሪጁ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቷን ሲያይ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ።

«ጋሽ ቡሆ ነቅተዋል» አለችው።

እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። ትከሻው ሲርገበገብ ቆማ አየችው፤ ልትነካው ፈለገች፣ አልነካችውም።

«የት ነው?»

በእጁ አሳያት። ከፍሪጁ የላይኛው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከቀዘቀዘው አተር ጀርባ፣ ትንሿ ፍላስክ በፎጣ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ከተማውን ስታስስ የዋለችለት ነገር ከራት ሳህኗ አምስት እርምጃ ላይ ነበር።

«ላጠፋው አልነበረም» አለ። «ለጥቂት ሳምንት ልደብቀው ነበር። ጨው ሲመለስ እኛን መልሰው ይጠሩናል፣ ከዚያ በር ላይ አስቀምጬላቸው እሄዳለሁ ብዬ። በርሜል ስጭን በመስታወቱ ሲያወጡት አይ ነበር፤ ቀላል መሰለኝ። ጋኑ ከበደኝና ወደቀ። ጭሱ ሲወጣ ትንፋሼን ያዝኩ። ልወጣ ስል ሰውዬው ገቡና ወደቁ። ስጎትታቸው የወለቀውን ጫማ ማዞሬን እንኳ አላስታውስም።»

«ማምለጥ ትችል ነበር።»

«ሰው ታች እያለ?» አለ፤ ጥያቄዋ አልገባውም።

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም ማሙሽ? ከሥራ ልወጣ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺ ነሽ ያበላሽኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው እትዬ። ከዚያ ጉድጓድ ሌላ አንድም ነገር አላውቅም። እዚያ ስወርድ ሰው ነኝ።»

«እዚያ ስትወርድ ሬሳ ነህ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሳጅን!»

ሳጅኑ ገባ። ፍላስኩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ መኪናው ሮጠ። ማሙሽ ሁለት እጁን ዘረጋላት። ካቴናውን በአንድ እጁ አስገባችለት፤ ሁለተኛውን እሱ ነው ቆልፎ ያገዛት።

*

አለቃዋ ኮማንደሩ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ንብረቱ የተገኘበት ቦታ፦ የመርማሪዋ መኖሪያ ቤት» ይላል፤ በራሷ እጅ ጽፋዋለች።

«ይህን ባትጽፊው ሳጅኑ አፉን ይዘጋ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።»

ጉዳዩን ከእጇ ወሰደው፤ እሷም ስለ ቤቷ ቃሏን ለሌላ መርማሪ ሰጠች። የቀራት መጠበቅ ብቻ ነበር። ፍላስኳ ስትከፈት ቅዝቃዜዋ አልቆ ነበር፣ ነገር ግን የቤት ማቀዝቀዣው ብልቃጦቹን ሙሉ ለሙሉ እንዳይቀልጡ ይዟቸዋል። ባለሙያዋ ከእያንዳንዱ ጠብታ ወስዳ በምግብ ሳህን ላይ ዘራች። መብቀል አለመብቀሉ የሚታወቀው እሑድ ነው አለች። ኢንስፔክተሯ እሑድን ሙሉ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ማሙሽ እንዲወርድ የሚያደርገው ዘሩ ቢሞት ነው፤ አሁን ታስሮ ምን ይወርዳል? ይህን ራሷን ጠይቃ መልሱን ታውቃለች። ሌሎቹ አሥሩ ይወርዳሉ። የእነሱም እህቶች አሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ባለሙያዋ ሳህን ይዛ ወጣች። በላዩ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ነበሩ።

«ከሃያው ሰባቱ ሕያው ናቸው» አለች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። «ሰባት ይበቃናል። ሥራ አስኪያጁም ግማሹን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ውሰጂ አለኝ፣ አሁን ገና!»

ሰኞ ጠዋት ጨው አልገባም። ኢንስፔክተሯ እንደማንኛውም ጠያቂ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ ከፍርግርጉ ፊት ቆመች።

«ዘሩ በቅሏል» አለችው።

ማሙሽ ራሱን ነቀነቀ። «ጉድጓዱስ?»

«ነገ ይደፍኑታል።»

«አሥራ አንዳችንም...»

«አዎ። አሥራ አንዳችሁም። አባ ገመድና የኢንዛይም ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ተቀምጠው እየተነጋገሩ ነው፣ አንዳንዱን ጋን ጠባቂ እናድርግ ይላሉ። ምን እንደሚወጣው አላውቅም።»

«እኔን ግን አይወስዱኝም።»

ልትዋሸው አልፈለገችም። «አንተን አይወስዱህም። ጋሽ ቡሆ ‘ያወጣኝ እሱ ነው፣ ባይመለስልኝ ሞቼ ነበር’ ብለው ቃል ሰጥተውልሃል። ጋኑን የጣለው ግን አንተ መሆንህንም ተናግረዋል።»

«ልክ ናቸው።» ፍርግርጉን ያዘ። «ተቆጣሽብኝ እትዬ?»

«በጣም። ገና ብዙ እቆጣለሁ።»

«እሺ» አለ፣ በልጅነቱ እንደሚለው።

ጠባቂው ሰዓት አልቋል አለ። ከፖሊስ ጣቢያው ስትወጣ ፀሐዩ ጠንክሯል፣ ሰው በየሥራው ይጣደፋል። ወንድሟን በገዛ እጇ አስራለች፣ ሥራውን በገዛ እጇ ቀብራለች፣ የራሷም እንጀራ ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅም። ማዘን ነበረባት፣ አዝናለችም። ነገር ግን ማሙሽ ዛሬ ጠዋት ያልወረደ መሆኑን፣ ነገም እንደማይወርድ፣ ከእንግዲህም የሚወርድበት ጉድጓድ በምድር ላይ እንደሌለ ስታስብ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለላት። በእፎይታዋ አፈረች። አፍራም እፎይታው አልለቀቃትም፤ መንገዱን ተሻግራ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሰው እያያት እስኪበቃት ተነፈሰች።